እናቴ ለእንግዳ ጀርባዋን አትሰጥም

ባለፈው ክረምት የደረሰብኝ ነው። ዛሬም ነጭ ፎጣ በእጄ ስይዝ ልቤ ይመታል። የምታስታምሙት ሰው ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምንኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። እናቴ ግቢያችን ውስጥ አዳልጧት ወድቃ ግራ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ "በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧት" ተባልን። ጠያቂ ስለሚበዛ አልጋዋን ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳ አስጠግተን ዘረጋንላት።

በተሰበረው ጎኗ መተኛት አትችልም። በደህናው ጎኗ ስትተኛ ደግሞ ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋ ወደ ጠያቂው ይሆናል። ይህ ለእማዬ ሞት ነው።

"ሰው በዝናብ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጀርባዬን ልስጠው? ምነው ልጄ!"

ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ነው። ስትስቅ ስትጫወት ሳያት እየተሻላት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት ከወገቧ ዝቅ ብሎ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። እድፍ መስሎኝ በያዝኩት ነጭ ፎጣ አሸት አደረግኩት። ቆዳው ተልጦ ከፎጣው ጋር መጣ። ከስሩ የወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እኔ ለካ ጮኼያለሁ።

"ምን አየሽ?" አለችኝ። ፎጣውን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ከጉርድ ሾላ ጠራን። መጀመሪያ ተረከዟን በጣቱ ተጫነው።

"እዚህም የአልጋ ቁስል እየጀመራት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ አይታይም። ይጠቁራል፣ ይሞቃል፣ ይጠጥራል። ከመጫን ብዛት ቆዳው ደም አጥቶ ነው።"

ከዚያ ወደ ቁስሉ ዞረ። "አጥንት ከነካ ሆስፒታል ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ደግሞ..." ብሎ እናቴን አየና ጓንቱን አጠለቀ። ጥልቀቱን ሲለካ የስልኬን መብራት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እናቴን የቀበርኳት ያህል ነበር የተሰማኝ።

"አጥንት አልነካም" አለ በመጨረሻ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያቃጥለኝ ነበር። እንግዳ ፊት መቀመጫዬን አመመኝ ልበል?"

በማግስቱ አልጋውን ስበን ሳሎኑ መሃል አደረግነው። የማገላበጫዋ ሰዓት ሲደርስ ግን እንደ ልማዷ እምቢ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወንበራቸውን አንስተው በአልጋው ማዶ ዞረው ተቀመጡ። "አንቺ ዙሪ፤ እኛ ፊትሽ ባለበት እንመጣለን" አሏት። ሌላውም ጠያቂ ወንበሩን እየያዘ ተከተላቸው።

ቁስሉ ገና እየሞላ ነው። ጠያቂ ሲሄድ አንሶላዋን ገልጬ አያለሁ። ከመግለጤ በፊት ግን አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።