አልማዝ ፍለጋ በጁባ

ይህ የሆነው ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ የሰፈሬ የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪናዬን ባቆምኩበት ሰሞን ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሚኒስትርም የጦር አዛዥም ፈልጌ አግኝቻለሁ። እንደዚያች አንዲት አልማዝ ግን ያለፋኝ ሰው የለም። ስለዚህ አልረሳውም።

ጎረቤቴ ኛኮት ደቡብ ሱዳናዊት ናት። ያደገችው ግን በስደት፣ ጋምቤላ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሴት ልጅ ስትወልድ አልማዝ ልትላት ፈለገች። በልጅነቷ ከራሷ ልጆች ጋር እያበላች፣ ፀጉሯን እየሠራች ያሳደገቻት ጎረቤታቸው አልማዝ ትባል ነበር። ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት አርፋለች። ኛኮት ለቀብሯ አልደረሰችም፤ ልታደርግላት የቀራት ነገር ይህ ስም ብቻ ነበር።

አማቷ ግን እንቢ አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሀቦባ፣ ማለትም አያት፣ እያለ የሚጠራቸው ሴት ናቸው።

«ባለስሟ የሞተችበት የሰው አገር ስም ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም። በሕይወት ያለች አልማዝ አምጡና ልያት። እሑድ ካልመጣች ስሙን እኔ አወጣለሁ» አሉ።

ኛኮት እያለቀሰች መጣችብኝ። «ጋሼ፣ ያገርህ ስም ነው። አንዲት አልማዝ አታጣም አይደል?»

ቀላል መስሎኝ ሳቅኩ። በእኔ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልማዝ ስለነበሩ ትልቋ፣ ትንሿ፣ ቀይዋ እያልን ነበር የምንለያቸው። ያኔ ወላጅ ሴት ልጁን በከበረ ነገር መሰየም ይወድ ነበር፤ ወርቅነሽ፣ ብርነሽ፣ ሉል። አልማዝ ደግሞ ከድንጋይ ሁሉ የጠነከረው ነው፤ ዐረቦቹም አልማስ ይሉታል። ይህን ሳብራራላት ኛኮት እንባዋን ጠረገችና «ጋሼ፣ ዜናውን ተወውና ሴትዮዋን አምጣ» አለችኝ።

ሆቴሎች ወደሚበዙበት ሰፈር፣ ወደ ቶንፒንግ ወረድኩ። በየሆቴሉ የሚሠሩት የአገሬ ልጆች ቤቲ፣ ሜሮን፣ ፌቨን ናቸው። እንግዳ ተቀባይዋ «አልማዝ? እናቴ ናት» አለች። ገንዘብ ያዧ «የእኔ አክስት ናት» አለች። አስተናጋጇ ደግሞ ሳቀችብኝ፤ «ጋሼ፣ ሴት ስትፈልግ ቢያንስ የዘመኑን ስም ጥራ!»

ገባኝ። አልማዞቹ አገር ቤት ቀርተው ልጆቻቸውን ልከዋል። የእንግዳ ተቀባይዋን እናት ስልክ ይዤ ብመለስ ሀቦባ «ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ልጅ አያቅፍም» ብለው መለሱኝ።

ቅዳሜ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ «አልማዝ ጋ» የሚባል ሱቅ እንዳለ ሰማሁ። ስደርስ ባለሱቋ ሂጃቧን አስተካክላ ስኳር ትመዝናለች።

«አልማዝ!» አልኩ።

«አቤት።»

እፎይ አልኩ። ከልማድ የተነሣ ግን ማረጋገጥ ነበረብኝ። «ፓስፖርትሽም ላይ አልማዝ ነው?»

«እሱ ላይማ ዘምዘም ነኝ። አልማዝ ሱቁን ሸጣልኝ አገሯ ገባች። ስሙ ከፍሪጁ ጋር ነው የመጣልኝ።»

እዚህ የተለመደ ነው። ሱቁ በከፈተችው ሴት ስም ይጠራል፤ ቀጥላ የገዛችውም ስሙን ትወርሳለች። አመጣጤን ስነግራት ዘምዘም «ልጅ ለማቀፍ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው» ብላ እሺ አለች።

ኛኮት ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «በቃ አልማዝ ናት! ጋሼ፣ አንተ ብቻ ዝም በል።»

«ዝም እላለሁ። ከተጠየቅኩ ግን አልዋሽም።»

«እንግዲያው እግዜር አያስጠይቅህ!»

እሑድ ሀቦባ ሕፃኗን እንደታቀፉ ዘምዘምን ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። «ኢስም ታኪ ሙኑ?» አሉ በጁባ ዐረብኛ፤ ስምሽ ማነው ማለታቸው ነው።

ዘምዘም ኛኮትን አየች። ሕፃኗን አየች።

«ዘምዘም» አለች።

ኛኮት ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

«ታዲያ ለምን አልማዝ ይሉሻል?»

ዘምዘም የሱቁን ነገር አስረዳቻቸው። «መጀመሪያ እናደድ ነበር» አለች። «ቆይቼ ሳይ ግን ሰው ሚዛኑን እንኳ ሳያይ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ አልማዝ አታጭበረብርም እያለ። እሷ የለችም፣ ስሟ ግን ደንበኛ ያመጣልኛል። እንዳላበላሽባት ፈራሁ። ስለዚህ አልማዝ ሲሉኝ አቤት እላለሁ።»

ሀቦባ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሯት።

«እና ባለስሟ ብትሄድም ስሙ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ሀቦባ።»

ሕፃኗን ብድግ አድርገው ዘርግተውላት «እንግዲያው አልማዝን ያዣት፤ እጄ ዝሏል» አሉ።

ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ልጅቱ በባለሱቋ ስም እንደተጠራች ይወራል። ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ሌላ ወሬ ቢሆን ቆሜ አርመው ነበር። ይህን ግን እሰማና አልፋለሁ። ኛኮት ልጇን እያባበለች ያንን ስም ስትደጋግም፣ የምትጠራው ማንን እንደሆነ እኔና እሷ እናውቃለን። ደስም ይለኛል።