የአባቴ ማጠንጠኛና የኮቱ ቀኝ ኪስ

ከአባቴ ጋር ማጠንጠኛ ከመምረጥ ሦስት ሙሽራ ማልበስ ይቀላል። ይህን የምለው ሁለቱንም ስለማውቀው ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለችው ሱቄ ስንቷን ሙሽራ ለክቼ፣ አባብዬ፣ ተቆጥቼም ሸኝቻለሁ። አንዷም ግን እንደ እሱ አላደረቀችኝም።

ማጠንጠኛ ስል የዓሣ ማጥመጃውን ነው። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ፣ ነቀምት ላይ አግብቶ ወልዶ የቀረ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ድሮ ጎረቤታችን ተከራይቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም ለእሱና ለጓደኛው በላባ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ አስተማራቸው። የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ ትጠመጥምና ዝንብ ታስመስለዋለህ፤ በረጅም ቀጭን ዘንግ ወዝወዝ አድርገህ ውኃው ላይ ታሳርፈዋለህ፤ ዓሣው ዝንብ መስሎት ይጎርሳል። ማጠንጠኛው ዘንጉ እጀታ ሥር ይገጠማል። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን ይለቅለታል፣ ሲደክመው መልሰህ ትጠቀልላለህ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሁለቱም አንዳንድ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን አውራ ዶሮ አባቴን ባየ ቁጥር አጥር ይዘላል።

ጓደኛው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ሁለቱ በበደሌ መስመር ዴዴሳ ወንዝ ይወርዳሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ድልድዩ ሥር ጀምረው እኛ በር ላይ ያደርሱታል። እስካሁን አልተቋጨም።

አምና አባቴን ደም ግፊቱ ጣለውና ቀኝ ጎኑ ዛለ። እግዚአብሔር ይመስገን እግሩ ተመለሰ። አንደበቱም ተመለሰ፤ እንዲያውም ትርፍ ይዞ። እጁን ስንጠይቀው ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተው "ድኗል" ይለናል። እኛም ማመን ስለፈለግን አመንነው። ወንዝ መሄዱን ግን ተወ። ለምን ሲባል "ማጠንጠኛው ተበላሽቷል" ነው መልሱ። ጓደኛው ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ቆመው "ሂሪያ ኮ፣ ቢሻን ኑ ኤጋ ጅራ" ይሉታል፤ ወዳጄ፣ ውኃው እየጠበቀን ነው ማለታቸው ነው። "በተበላሸ ማጠንጠኛ?" ይላቸዋል። ብቻቸውን መሄድ ስለማይሆንላቸው እሳቸውም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አባቴ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። ወንዝ የለመደ ሰው ቤት ሲውል እንዴት ቶሎ እንደሚያረጅ በዓይኔ አየሁ። ፈራሁ፤ ከዚያ ወንበር ላይ የማይነሳ መስሎኝ በእውነት ፈራሁ።

እንግዲያው አዲስ ማጠንጠኛ ይፈለግለት ተባለ። መጀመሪያ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ድስት የሚያህል ላከ። አባቴ በግራ እጁ መዘን አደረገውና "ይሄ ለዓሣ ነው ለአዞ? ከመቶ ሠላሳ" አለ። ሠላሳውም ለወንድሜ ልፋት ነው። ሰውዬው ከማስተማር እንጂ ከማረም ጡረታ አልወጣም።

ቀጥሎ ጓደኛው ከቤተ ክርስቲያናቸው እንግዶች ለምነው አንድ ወርቃማ የሚያብረቀርቅ ይዘው መጡ። አባቴ ዓይኑን አጨንቁሮ "ዓሣው ሰርግ የተጠራ ይመስለዋል። አርባ አምስት" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስትም ስታገባ እንዲህ ነው የመረጥከው?" አሉት ጓደኛው።

"እዚያማ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሦስተኛው የእኔ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ልጇ ከውጭ ሲመጣ አስመጣችልኝ፤ ቀላል፣ ጥቁር፣ ሲሽከረከር ቅቤ። እኔ ስለ ዓሣ ምንም አላውቅም፤ ክር ግን አውቃለሁ። በስፌት መኪና ውስጥ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሽ ማጠንጠኛ አለች። ደህና መሆኗን ለማየት በክሩ ጫፍ አንጠልጥዬ እጄን ነጠቅ አደርጋለሁ። ትንሽ ወርዳ ቀጥ ካለች ጎበዝ ናት። ዝርግፍ ካለች ልል ናት፤ ጭራሽ ካልወረደች ክር ትበጥሳለች። ያንን ጥቁሩንም እንዲሁ አንጠለጠልኩት። ወረድ፣ ቀጥ። ተደስቼ ወሰድኩለት።

አባቴ ወደ ብርሃን አዞረው፣ አሸተተው፣ ጆሮው ላይ ለጠፈው። "ድምፅ የለውም" አለ። "ድምፅ የሌለው ነገር አላምንም። ሃምሳ ዘጠኝ።"

"ማለፊያው ስንት ነው?"

"ስልሳ።"

ልፈነዳ ደረስኩ። "አባዬ፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው ወይስ ስብከት ልትሰማ? በቃ፣ ያንን የተበላሸውን አምጣው፣ እኔው አየዋለሁ!"

"አይነካም!" አለኝ። አጯጯሁ ለማጠንጠኛ አልነበረም፤ ያኔ ጠረጠርኩ። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል አሮጌውን ማጠንጠኛ ይዤ ሱቄ ገባሁ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ፈታሁት። ከአቧራ በቀር አንዳች ነገር የለበትም። ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁትና አሽከረከርኩት፤ ትርርር ብሎ ዞረ። አንጠለጠልኩት፤ ወረድ፣ ቀጥ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው ብዬ ልስቅ ስል፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ በሰቀልኩት ኮቱ ላይ አረፈ። የኪሱን ገበር እንድጠግን የተሰጠኝ ነው። በዓመት ውስጥ ሲቀደድ ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ ሁለቴም የተቀደደው ቀኙ ነው። የግራው ኪስ ገበር እንደ አዲስ ነው። እኔ የሰው ትከሻ መዝመሙን ከመንገድ ማዶ የምለይ ሴትዮ፣ ለምን ቀኙ ብቻ ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅኩም። እጁ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚውለው። አለቀስኩ። አንዲት ደንበኛ ስትገባ አቧራ ገባብኝ አልኳት።

አባቴ ዘንጉን በግራ ይዞ የሚጠቀልለው በቀኙ ነበር። አሁን ክንዱ ደህና ነው፤ ጣቶቹ ናቸው እምቢ ያሉት። ማጠንጠኛውን አገላብጬ አየሁት፤ ውስጡ ያለችው ትር ትር የምትል ጥርስ ብትገለበጥ፣ ክሩም ሁሉ ወጥቶ በተቃራኒው ቢጠቀለል፣ በግራ እጅ ይዞራል። የስፌት መኪናም ክሯን አዙረህ ከሰጠሃት አዙራ ነው የምትሄደው። ገለበጥኩት። ለዘንጉ ደግሞ ከድንኳን ሸራ ሰፊ ማሰሪያ ሰፋሁ፤ የቀኝ ክንድ ላይ ታስሮ ዘንጉን አንቆ የሚይዝ፣ ጣት የማይጠይቅ።

"ጠገንኩት" አልኩት ማታ ስመጣ። "ግን ተሳስቼ በግራ ገጠምኩት። ልፍታው?"

ማጠንጠኛውን አየ። እኔን አየ። "ግራና ቀኝ የማትለይ ሰፊ" አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ይቆይ፤ በግራም ይሞከራል" አለ። ማሰሪያውን አንስቶ "ይሄስ?" ሲለኝ "የዘመኑ ፋሽን ነው" አልኩት። ነጥብ አልሰጠም።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ አብሬ ወረድኩ። ዴዴሳ ዳር ጓደኛው ከመኪና እንደወረዱ ክራቸውን ውኃው ላይ ወርውረው ጀርባቸውን ሰጡን። አባቴ ማሰሪያውን በግራ እጁ እንደያዘ ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። በመጨረሻ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ወደ እኔ ዘረጋው። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ከስተዋል።

"እሰሪልኝ" አለ። "አጥብቂው፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ አታስፊው።"

አሰርኩለት።

ስንት ጊዜ ወርውሮ ስንት ጊዜ ቁጥቋጦ እንዳጠመደ አልናገርም፤ አባት ነው፣ ነውር ነው። ከቀትር በኋላ ግን ክሩ ሳብ አለ፤ ማጠንጠኛው ትርርርር እያለ ለቀቀ። ጓደኛው "ተወው ይሩጥ! ተወው!" እያሉ ዘንጋቸውን ጥለው መጡ። አባቴ ምላሱን ነክሶ በግራው መጠቅለል ጀመረ። ዓሣው ሲወጣ ከስንዝር አይበልጥም።

"ለዚህች ነው ዓመት ሙሉ ያስጠበቅከን?" አሉት ጓደኛው።

አባቴ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና "ማጠንጠኛው አምናም ደህና ነበር" አለ። "እጄ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉት። "ነርስ ነበርኩ እኮ።"

"ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ፈልገህ ነበር የምትመጣው?"

"እስክትነግረኝ ነዋ።"

ሁለቱም ወደ ውኃው ዞሩ። ጓደኛው ወደ እኔ ጠቆሙና "ለኢንተላ ኮስ ስንት ትሰጣታለህ?" አሉት፤ ለልጄስ ማለታቸው ነው።

"ሰባ" አለ አባቴ። "ሠላሳውን ስለዋሸችኝ ቀነስኩ።"

ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ኮት ይዞልኝ መጣ። እንደ ልማዴ ቀኙን ኪስ ገለበጥኩት፤ ገበሩ ደህና ነው። የተቀደደው እጅጌው ነበር፤ መንጠቆ ይዞት።