ሁለት ጊዜ የተቆጠረው እምቦጭ

ዛሬ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አያ ታረቀኝ ራሳቸውን ስክሪን ላይ አዩ።

ባሕር ማዶ ባለ ጉባኤ አገሮች ስለ ዘላቂ ልማት ምን እንደሠሩ ተራ በተራ ሪፖርት ያቀርባሉ። የእኛ ተራ ሲደርስ በቀጥታ ስርጭት እንድናይ ተጠርተን ነበር። እኔ የወረዳ ባለሙያ ነኝ። የጣና ዓሣ አስጋሪው አያ ታረቀኝ ደግሞ የማኅበረሰብ ተወካይ ናቸው። (ተወካይ ማለት ማይክ የማይሰጠው ሰው ነው።)

ከሪፖርቱ ጋር በታየው ፎቶ ላይ መንሽ ይዘው፣ ሐይቁ ዳር ከተከመረ እምቦጭ አጠገብ ቆመዋል።

«ይኼ ክምር እኮ ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ገባ» አሉኝ። «አልነገራችኋቸውም?»

አልነገርናቸውም። ቅጹን የሞላሁት እኔው ነኝ። «የተወገደ አረም» የሚል ዓምድ አለው፤ «ተመልሶ የገባ» የሚል ግን የለውም። በዓመቱ ያንኑ አረም እንደገና አወጣነው፤ እኔም እንደገና ጻፍሁት። ሪፖርቱ ላይ እድገት ሆኖ ወጣ።

«ታዲያ አሁን ንገራቸዋ!»

«አይሰሙንም፣ አያ። እኛ ብቻ ነን የምንሰማቸው።»

እዚያ ማዶ ተጨበጨበ። አዳራሹም ተከተለ። እኔም አጨበጨብሁ። አያ ታረቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

በር ላይ ስንለያይ «የእምቦጩ ዘመቻ መቼ ነው?» አሉኝ።

«እንደ አምናው፣ ጥቅምት ላይ።»

«እመጣለሁ። ሌላ ምን እሠራለሁ?» ብለውኝ ሄዱ።

እናንተ ቀበሌስ ምን ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ? ጻፉልኝ። የምሞላበት ዓምድ የለኝም፤ ግን አነባለሁ።