ሙሾ ይዘን ገሳይ የሄድን ለት

ደብረ ታቦር፣ ጎህ ሲቀድ

በኅዳር ጎህ ደብረ ታቦር መናኸሪያ የቆመ ሰው ከብርዱ የተነሳ ጆሮው የራሱ መሆኑን ይጠራጠራል። እኔ ነካክቼ አረጋግጫለሁ። ተራ አስከባሪው "ገሳይ! ነፋስ መውጫ!" እያለ ይጮኻል፣ ከአፉ የሚወጣው ጭስ ከመኪናው ጭስ ይበልጣል። እኛ ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ጥቁር ባለኮፍያ ሹራብ ለብሰን በሩ አጠገብ እንንቀጠቀጣለን። ሹራቡ የቡድናችን ልብስ ነው። ቡድናችን "ሦስት ጉልቻ" ይባላል። መክሊት ራፕ ታደርጋለች። ሰሚራ በአባቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጓዳ ተቀምጣ በስልኳ ቢት ትሠራለች። እኔ ሰብለ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው፣ ደስ ሲል!

የምንሄድበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የመክሊት አጎት ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሲቀበሩ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። መክሊት እያለቀሰች ድምፃቸውን በስልኳ ቀዳችው። ከወራት በኋላ ሰሚራ ከዚያ ውስጥ አንዲት ስንኝ፣ "የቤቱ ምሰሶ ወዴት ወጥቶ ቀረ" የምትለዋን፣ ቆርጣ እየደጋገመች አዞረቻት። ከስሯ ከበሮ ገባ። መክሊት ከላይ ራፕ ጨመረች። ቁራጩን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው፣ ሰውም ወደደው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ፕሮዲውሰር ደውሎ፣ "ሙሉውን እኔ አወጣዋለሁ። ግን የድምፁ ባለቤት ይፍቀዱ። ሲፈቅዱ በቪዲዮ ቀርጻችሁ አምጡልኝ" አለ።

የመክሊት አባት ደግሞ፣ "እስከ ገና አንድ የረባ ነገር ካላሳየሽኝ ዘፈን የሚባል ወሬ ቤቴ አይነሳ" ብለዋታል። እና የመክሊት ነገር በእትዬ ዘነቡ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

በመንገድ

ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ክርክሩ ተጀመረ። ሁሌም የሚጀምረው ሰሚራ ናት።

"ዜናውን ሰምታችኋል? የሞተ ዘፋኝ ድምፅ ለኮምፒውተር ሰጥተው አዲስ ዘፈን አስዘፈኑት።"

"የሞተ ሰው? በስመአብ!" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብርዱን ረስቼ ሌላ ብርድ ገባኝ።

ሹፌሩ ጋሽ መኩሪያ በመስታወቱ አዩን። "ለነጋዴው ይሻለዋል። የሞተ ዘፋኝ ሂሳብ አይጠይቅ፣ አያኮርፍ።" ከዚያ ሹራባችንን አዩት። "እናንተስ ምንድን ናችሁ? ጥቁር በጥቁር?"

"ራፐሮች ነን ጋሼ" አለች መክሊት።

"ያ እጁን እያወናጨፈ የሚጨቃጨቀው ነው?"

"ፎካሪ ዱላ ይዞ ሲዘል ጀግና፣ እኔ ማይክ ይዤ ስዘል ጨቅጫቃ?"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሰሚራ ግን ወዳጇን ለማብሸቅ ጊዜ አታባክንም። "ሂፕ ሆፕ የጎዳና ልጅ ይፈልጋል። አንቺ ምን ጎዳና ታውቂያለሽ? ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት!"

"አንቺ ደሞ ጣቃ መሀል ተደብቀሽ ቢት የምትሠሪ! አንድ ቀን አባትሽ አንቺንም ለክተው ይሸጡሻል።"

ጋሽ መኩሪያ ነገሩ ጣማቸው። "በኛ ጊዜ ካሴት ነበረ። ዘፋኙ ዘፍኖ ይርበዋል፣ አባዢው ፎቅ ይሠራል። አሁንስ ማን ነው የሚበላው?"

"አሁን አባዢም የለም ጋሼ። ሰው ዝም ብሎ ያወርዳል" አልኩ።

"ታዲያ ማን ይበላል?"

"ስልኩ!" አለች ሰሚራ። "ሁሉንም የሚበላው ስልኩ ነው።"

ጉና በቀኛችን ወጣ። ጫፉ ላይ አመዳይ ያለ ይመስላል፣ ከስሩ የደረሰ ገብስ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ድንች የሞላ ማዳበሪያ የተሸከሙ አህዮች አስፋልቱን ይዘው አልለቅ አሉ። መክሊት ስትፈራ ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ ትጎትተዋለች፤ ጎትታዋለች።

ገሳይ

ሻይ ለመጠጣት አንዲት ትንሽ ቤት ገባን። ሻዩ ጠንከር ያለ ዝንጅብል አለው፣ ዳቦው ከምጣድ ገና መውረዱ ነው። የቤቱ ሴትዮ ስኒዎቹን ሲያስቀምጡ ጥቁር ልብሳችንን ቀስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጆቼ" አሉን።

ተያየን። "ማን ሞቶብን ነው?" አለች ሰሚራ ሴትዮዋ ዞር ሲሉ። ሳቃችንን አፍነን ወጣን። እዚያው ቁጭ ብለን ትንሽ ብናስብ ኖሮ የቀረው አይመጣም ነበር። ማን ያስባል! ሮጥን።

መንደሩ፣ ረፋድ ሳይሆን

በእግር ትንሽ ሄድን፣ ባሕር ዛፉን አለፍን፣ የእትዬ ዘነቡ ግቢ ደረስን። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሰው የለም። ገብስ አጨዳ ነው፤ ሁሉም ማሳ ላይ ነው።

"እስኪመጡ ስፒከሩን ልሞክረው" አለች ሰሚራ። ትንሽዬ ነው፣ ከጭብጥ አይበልጥም፣ ድምፁ ግን ጎረምሳ ነው። ግቢው መሀል ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ከፈተችው።

"የቤቱ ምሰሶ ወዴት ወጥቶ ቀረ!"

የእትዬ ዘነቡ ድምፅ ከራሳቸው ግቢ ወጥቶ ሸለቆውን ሞላው። ወደ ማዶ ሄዶ ተመለሰ። መክሊት ጭንቅላቷን በምቱ መነቅነቅ ጀመረች። እኔም ነቀነቅኩ። ምን ያምራል!

መጀመሪያ ከታችኛው ቤት አንዲት ሴት ወጣች፣ እጇ ላይ ሊጥ አለ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ከማሳው ማጭዱን እንደያዘ አንድ ሰውዬ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ፣ እየሮጡ፣ ወደ እኛ።

"ሊደንሱ ነው የሚመጡት እንዴ?" አለች ሰሚራ።

"ዘነቡ ናት!" ብላ ጮኸች ባለ ሊጧ። "ወይኔ! ልጇ ነው! ደሳለኝ ነው!"

ክው አልኩ። እዚህ አገር እትዬ ዘነቡ ድምፃቸውን ካወጡ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከገዛ ግቢያቸው ካወጡ ደግሞ የሞተው የራሳቸው ሰው ነው። ያላቸው ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ባሕር ዳር ግንበኛ ሆኖ የሚሠራ። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ድምፁን አልሰሙም።

ሰሚራ ስፒከሩን አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው! ለቅሶው ከስፒከሩ ወጥቶ ሰው ላይ ገብቷል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። አንዷ መክሊትን አቅፋ፣ "የከተማ ዘመድ መጣች! መርዶ ይዛ መጣች!" እያለች ትንሰቀሰቃለች።

እና እትዬ ዘነቡ ከማሳ መጡ።

ቆሙ። ግቢያቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። መሀሉ ላይ ከከተማ በማለዳ የመጣን፣ ጥቁር የለበስን ሦስት ልጆች። ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ተፈታ ነዶ።

"ልጄን አመጣችሁት?" አሉ። በቃ ይህን ብቻ።

መክሊት ተንበረከከች። "እትዬ፣ ኧረ ምንም የለም! ደሳለኝ ደኅና ነው!"

ከዚህ የከፋ ነገር መናገር አትችልም ነበር። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ እንዲሁ ነው የሚባለው፦ ምንም የለም፣ ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው። ሰውየው የሚቀበረው ከዚያ በኋላ ነው። መክሊት "ደኅና ነው" ባለች ቁጥር ለቅሶው ይብሳል።

"ዘፈን ነው! ዘፈን ነው የከፈትነው!" ብላ ሰሚራ ስፒከሩን አነሳች።

"የምን ዘፈን!" አሉ ባለ ማጭዱ ሰውዬ፣ አያ ሙጨ ይባላሉ። "የዘነቡን ድምፅ እኔ አላውቀውም?"

"ደውሉለት!" ብዬ ጮህኩ። እኔ! በሰው ፊት ጮኼ የማላውቀው!

ጉብታው ላይ

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ጉብታው ላይ ነው፣ ያውም ሲፈልግ። እትዬ ዘነቡን ሁለት ሴቶች ደግፈው፣ መንደሩ ከኋላ እያለቀሰ፣ ወጣን። አያ ሙጨ የደሳለኝን ቁጥር በቃላቸው ነገሩን። መክሊት ደወለች። አይገኝም። ደወለች። አይገኝም። ሳይታወቀን እኔና ሰሚራ እጅ ለእጅ ተያይዘናል፣ እሷ በሷ እኔ በኔ እንጸልያለን።

ጠራ።

"አቤት?" የሚል የወፈረ፣ ከእንቅልፍ የነቃ ድምፅ።

"ደሳለኝ ነህ? እናትህ ናቸው፣ አናግራቸው!"

ስልኩን ወደ እትዬ ዘነቡ ጆሮ አስጠጋችው። "እማ? እማዬ? ምን ሆንሽ?" ሲል ሁላችንም ሰማን። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ዘነቡ ግን ስልኩን ገፉት።

"ያላለቀስኩትን ያስለቀሰኝ ሳጥን" አሉ፣ ሰሚራ የያዘችውን ስፒከር እያዩ፣ "የሞተ ልጄን ድምፅ ማውጣት ያቅተዋል?"

እልልታዬ ሳይወጣ ቀረ። ሰሚራ አየችኝ፣ አየኋት። ጠዋት መኪናው ውስጥ ስንሳሳቅበት የነበረውን ዜና ማንም ሳይነግራቸው ከእኛ ይልቅ ተረድተውታል።

መክሊት ናት የመለሰችው። ፊቷ በእንባ ርሷል። "እትዬ፣ እርስዎና እሱ ብቻ የምታውቁትን ይጠይቁት።"

አሰቡ። ስልኩን ተቀበሉ።

"ስትሄድ ደጅ ላይ ምን ብዬ ረገምኩህ?"

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ወጣ። "'እናቱን የሚረሳ ጠላው ይጠንዝልበት' አልሽኝ። እማ፣ እኔ ጠላ አልጠጣም፣ እርግማንሽ ባዶ ሄደ እኮ!"

እትዬ ዘነቡ ስልኩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ከዚያ መልሰው ወደ አፋቸው አምጥተው፣ "አንተ ጥጋበኛ! ፀሐይ ወጥታ ትተኛለህ?" ብለው ስድቡን ጀመሩ። እንደዚያ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም፤ እየሳቁና እያለቀሱ ነው፣ ትንፋሽ የላቸውም። መክሊት በኋላ፣ "ራፕ ማለት ያ ነው" ብላኛለች። እልልታው ቀለጠ፣ የኔም ወጣ።

ግቢው፣ እኩለ ቀን

ቆሎና ጠላ ቀረበልን፣ ለሰሚራ ወተት። ከገደልናቸው በኋላ ያበሉናል!

"ታዲያ ምን አመጣችሁ?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

መክሊት ኮፍያዋን አወረደች። "ድምፅዎን ልለምን ነው" አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው፣ አባቷን ጨምሮ። እትዬ ዘነቡ ዘፈኑን በስልኩ፣ በትንሽ ድምፅ፣ ጆሯቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ከበሮው ልክ ነው" አሉ ለሰሚራ። ወደ መክሊት ዞሩ። "አንቺም ምላስ አለሽ። አጎትሽም ነበረው። እኔን ግን አውጡኝ።"

"እርስዎ ከወጡ እኮ ዘፈኑ ባዶ ነው" አለች ሰሚራ።

"ዛሬ ያየሽው አነሰሽ፣ ልጄ? ይህ አገር ድምፄን ሲሰማ ሊጡን ጥሎ፣ አጨዳውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ሰው ሳይሞት በየመንገዱ ከዋልኩ፣ ሰው የሞተ ለት ማን ይሮጥልኛል?"

መክሊት አልተከራከረችም። መክሊት! ስትሸነፍ አይቻት ስለማላውቅ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

መመለሻ

ገሳይ ላይ ኔትወርክ ስናገኝ መክሊት ወደ ፕሮዲውሰሩ ደወለች። "አልፈቀዱም" አለችው። ሳቀ። "ምን ችግር አለው? ድምፃቸው አለን አይደል? በማሽን አስመስለን እናወጣዋለን። ማንም አይለየውም።"

መክሊት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው፣ እባብ እንደያዘች። "አገር ይለየዋል" አለች። ዘጋችው። ከዚያ ገጻችንን ከፍታ ቁራጩን አጠፋች። ለገና ለአባቷ የምታሳየው ነገርም አብሮ ጠፋ። ሰሚራ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ጉና በግራችን ዞረ።

ደብረ ታቦር ወርደን ገና ከመናኸሪያው በር እንደወጣን፣ አንድ ባጃጅ ጆሯችን ስር አለፈ።

"የቤቱ ምሰሶ ወዴት ወጥቶ ቀረ! ድም! ድም!"

ከኛ ገጽ ጠፍቷል፣ ከሰው ስልክ ግን ማን ያጠፋዋል? ስንመኘው የኖርነው ይህንኑ ነበር፣ በባጃጅ መከፈት!

መክሊት ሮጣ ፊቱ ቆመች። "ወንድሜ፣ አጥፋልኝ። በእመቤቴ፣ ከስልክህ አጥፋው።"

"እንዴ! በጣም የምወደው ዘፈን ነው!"

"ዘፋኟ እኔ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሷ አያት፣ አቧራ የጠጣ ሹራብ፣ ያበጠ ዓይን። "እሷ ብትሆኚማ አጥፋልኝ ትይኝ ነበር?"

መክሊት እጇን ሰዳ ሙዚቃውን ዘጋችው። ያለ ከበሮ፣ ያለ ሙሾ፣ አስፋልቱ ላይ ቆማ ጀመረች።

"እኔ የጉና ልጅ ነኝ፣ ብርድ ያሳደገኝ፣
ቃሌን እንደ ገብስ ቆልቼ የምቆረጥም ሲርበኝ..."

ሙሉውን አለችው። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ነፉ፣ አልቆመችም። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ስልኩን አወጣ፣ ዘፈኑን ፈለገ፣ እያየን አጠፋው።

"ይኼኛው ባዶው ይበልጣል" አላት። "መቼ ነው የሚወጣው?"

መልሱን አልሰማሁም። አደባባዩ ላይ ሌላ ባጃጅ ያንኑ ዘፈን ከፍቶ እየዞረ ነበር፣ እኔና ሰሚራ ልናስቆመው እየሮጥን ነበር።