ፋይሉ አለ ወይ?

ያን ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም ነበር። መብራት መጣ ሲባል ይሄዳል፣ ሄደ ሲባል ይመጣል። በክሊኒኩ የመዝገብ ክፍል የምትሠራው ሴት ከጣሪያው ለሚፈሰው ውሃ ባልዲ ደቅና፣ መብራት በመጣ ቁጥር የወላዶችን ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ስትጽፍ ዋለች።

የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስታ» ይሏታል፤ ጉልበቷን ስለሚያማት አረማመዷ እንደዚያ ነው። ትምህርቷን ያቆመችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናቷ አልጋ ስትይዝ የቤቱ ሸክም እሷ ላይ ወደቀ። በዚሁ ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት ወለል ወለወለች። ጽሕፈቷ ታይቶ ወደ መዝገብ ክፍል ስትዛወር ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ደስ ያላት ወንበሩ ነበር።

እሷ የምትጽፈውን መዝገብ ሌላ ክፍል ያለ፣ ባትሪ የተገጠመለት ኮምፒዩተር በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይገለብጠዋል። ይህን እንዲያደርግ ቴክኒሻኑ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ጽፎለታል፤ እሱ «ስክሪፕት» ይለዋል። ስክሪፕቱ አዲሱ ቅጂ መኖሩን ይፈትሻል፤ ካለ የትናንቱን ያጠፋል።

በማግስቱ ዋና ነርሷ ቅጂውን ብትከፍተው ባዶ ነው። የቀድሞውም የለም። ቴክኒሻኑ በስልክ ሲጠየቅ፣ «ስክሪፕቱ ሳያረጋግጥ አያጠፋም፤ የሰው እጅ ገብቶበታል» አለ። የማን እጅ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ወደ እሷ ዞሩ።

«ዋናው መዝገብ ባይተርፍ ጉድሽ ፈልቶ ነበር» አለቻት ነርሷ። «ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጽዳት ትመለሻለሽ።»

እትዬ ቀስታ አልተከራከረችም። በዕድሜዋ ተከራክራ የረታችበትን ቀን አታስታውስም። ጉልበቷን እያሸች የመተላለፊያውን ርዝመት አሰበችው፤ ከዚያ ደረጃውን።

ሐሙስ ቴክኒሻኑ ሲመጣ ግን ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ያዘችው።

«እስቲ ያንን ነገርህን በሰው ቋንቋ አንብብልኝ።»

«ምነው እትዬ፣ ሥራዬን ሊነጥቁኝ ነው?»

«የራሴን ሳልነጠቅ አንብብልኝ።»

እየሳቀ አነበበላት። «መጀመሪያ አዲስ ፋይል ክፈት። መዝገቡን አምጥተህ ሙላበት። ከዚያ፣ ፋይሉ አለ ወይ? ካለ የድሮውን አጥፋ።»

«አለ ወይ ብቻ ነው የሚጠይቀው?»

«ሌላ ምን ይጠይቅ?»

«ጽዳት ሳለሁ ጀሪካኖቹ ጥግ ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ጀሪካኑማ አለ። ውሃ እንዳለው የማውቀው ግን ሳነሣው ነው።»

ቴክኒሻኑ ቦርሳውን አስቀምጦ ጽሑፉን እንደገና አነበበው።

እትዬ ቀስታ ነርሷን አስጠራች። ቢጠፋ የማያሳዝን የሙከራ ፋይል ቴክኒሻኑ አዘጋጀ። እትዬ ቀስታ በዚያ ዝናባማ ቀን አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ እንደጠፋው ሁሉ የራሷን ኮምፒዩተር አጠፋችና «አሁን አስነሣው» አለችው። አስነሣው። አዲሱ ፋይል በስሙ ተቀምጧል፤ መጠኑ ዜሮ ነው። የድሮው ጠፍቷል።

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሲስተር» አለች እትዬ ቀስታ።

ቴክኒሻኑ ጆሮው ቀልቶ «አለ ወይ» የሚለውን ፈተና «ውስጡ ነገር አለ ወይ» በሚለው ለወጠው።

«ግማሹን ሞልቶ መብራት ቢሄድስ?» አለችው።

«እትዬ፣ ዛሬ አይለቁኝም ማለት ነው።» ራሱን አከከ። መጠኑ ከዋናው መዝገብ ጋር እኩል ነው ወይ የሚለውን ሁለተኛ ፈተና እሱ እየነገራት እሷ በሁለት ጣቷ ጻፈችው። ኮምፒዩተሯን ደግመው አጥፍተው ሞከሩት። የድሮው ፋይል ከቦታው አልተነቃነቀም።

ነርሷ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እሷም አልጠበቀችም። «በይ እንግዲህ ሥራሽን ቀጥይ» ብላት ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቴክኒሻኑ አዲስ ስክሪፕት ሲጽፍ መጀመሪያ ለእሷ ያነብላታል። አንዳንዱን ታሳልፍለታለች፣ አንዳንዱን ትመልስበታለች። ደመወዟም ማዕረጓም ያው ነው። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው፤ በመዝገብ ክፍሉ ተቀምጣ ትሠራለች።