የአባቴ ዘጠኝ ሰዓት

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ይጠራጠር ነበር፤ እኔ ግን የባሰብኝ ነበርሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ «አባትህን ሐይቁ ዳር ካለው የአረጋውያን መጦሪያ አስገባቸው፤ ሸጋ ቦታ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ አባቴ የሚተኙበት ክፍል ነው። ለማን ሊሰጠው አስቦ ይሆን?

ምርጫም አልነበረኝም። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ከደራ አምጥቼ እኔ ዘንድ አኖርኋቸው። እኔ ወንደላጤ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊ። ጠዋት ቆልፌባቸው እወጣለሁ፤ የፋብሪካው የምሳ ጡሩምባ ሲነፋ ሮጬ መጥቼ አበላቸዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን በከሰል ምድጃ እጃቸው ተቃጠለ።

ፈቃድ ወስጄ፣ አባቴን እየመራሁ፣ ሳላስታውቅ ሄድሁ፤ ካወቁማ አሰናድተው ይጠብቁኛል። አንሶላ ገልጬ አየሁ። እንስራውን አሸተትሁ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት መነኩሲት ዝም ብለው ይከተሉኛል፤ ዝምታቸውንም ጠረጠርሁት። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ምን በላችሁ?» አልኋቸው።

«ኧረ ገና ምንም አልቀመስን።»

ያዝኋቸው! አልሁ በልቤ። «እማሆይ፣ ሰዎቹን በረሃብ ሊጨርሷቸው ነው?» ብዬ ጮህሁ።

መነኩሲቷ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዐቢይ ጾም እኮ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ማን እህል ይቀምሳል?»

አባቴ ፈገግ አሉ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ልጄ ሥራውን ጥሎ ልክ በዘጠኝ ሰዓት እየመጣ ያበላኛል» አሉ፤ ኮርተውብኝ።

ወዲያው ከማዶ የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ።

የአባቴ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «እማሆይ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ። እኔን አልጠየቁም።

«ስድስት ሰዓት ነው፣ የኔታ።»

በየጾሙ ያ ጡሩምባ ተነፍቶ ምሳ ይዤ ስገባ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» ይሉኝ ነበር። «ሆነ» እላቸዋለሁ። ሌላ የማበላበት ሰዓት አልነበረኝማ! አንዳንዴ፣ «ፀሐይዋ ዛሬ አልዘገየችም?» ሲሉኝ እስቅ ነበር። እኔው ቤት ጾሙ በስድስት ሰዓት መፈታቱን ከመልመዴ የተነሣ የሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከነጭራሹ ከልቤ ጠፍቶ ኖሯል። ሰው እንዳያታልላቸው አንሶላ ስገልጥ የዋልሁት እኔ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

አባቴ እጃቸውን ከእጄ አወጡ፤ በበትራቸው እየዳበሱ ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ።

«ከዚሁ እቀራለሁ» አሉ። «አንተ ሂድና ምሳህን ብላ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እጠብቃለሁ።»