የመንገድ ሽማግሌዎች

ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ ጌታቸው ለዘመድ ሠርግ አምቦ ተጠርተን ከአስኮ ሚኒባስ ተሳፈርን። መኪናው አዲስ፣ መንገዱ ጥሩ፣ ሹፌሩም ችኩል ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት ወጣቶች ጆሯቸውን ወትፈው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጌታቸው አላስችል ብሎት ወደ አንዱ ዞረና «የት ድረስ ነህ ልጄ?» አለው። ልጁ የአንድ ጆሮውን ነቅሎ «አቤት ፋዘር?» አለ። «አምቦ» ብሎም መለሰና እንደገና ወተፈው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እስከምንደርስ አፉን አልከፈተም። ስንወርድ ወገቡን ይዞ ቆመና «አስኩ፣ ማንንም ሳላውቅ ደረስኩ እኮ!» አለኝ።

ኩርፊያው የሕፃን ነበርና ሳቅሁበት። ሠርጉ ቤት ተቀምጠን ግን ሐሳቤ ሙሽሮቹ ጋ አልነበረም፤ በወጣትነታችን በዚያው መንገድ ወደ አምቦ የሄድንበት ቀን ትዝ ብሎኝ እዚያው ቀረሁ።

ያኔ ከተጋባን ጥቂት ወራት ቢሆነን ነው። ተጋባን ስል ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን ማለቴ ነው፤ ድንኳን አልተጣለልንም፣ ማንም አልዘፈነልንም። እናቴ ገና በልጅነቴ በመሞቷ ኮልፌ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አባቴ አቶ ደበላ ግን አምቦ ዳር እርሻው ላይ ነበር የሚኖረው፤ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እሱ ዘንድ አሳልፍ ነበር። ጌታቸው ደግሞ አናጢ ነው። ወላጆቹን አያውቃቸውም፤ አንዲት ደግ ሴት አንስተው አሳደጉት፣ እሳቸውም ሞቱበት።

አባቴ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጁን የሚድር ሰው አልነበረም። ከመፈረማችን በፊት ሽማግሌ ላክን። የሠፈራችን ሽማግሌዎች «ዘሩን አናውቅም» ማለት ቢከብዳቸው ለጌታቸው ጎጃም ውስጥ አንድ ቅድመ አያት ፈለሰፉለት። ሰውየውን ባለ ርስት አደረጉት፣ በቅሎም ጨመሩለት። አባቴ ጥያቄ ሲያበዛባቸው አንዱ የተናገረውን ሌላው አፈረሰው፤ ቅድመ አያቱም በቅሎውም እዚያው ጠፉ። «ውሸታም አማች አልፈልግም። ልጁን በእውነት የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ እሱም ሆነ ልጄ ደጄን እንዳይረግጡ» ብሎ መለሳቸው። ጌታቸው ምንም አልዋሸም ነበር። ግን ይህን ለአባቴ ማን ይንገርለት?

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ጌታቸው ቆርጦ ተነሳ። «ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

«ቢያባርርህስ?»

«ያባርሩኝ። አንቺ ግን አባት እያለሽ ያለ አባት አትኖሪም። እሱን ኑሮ እኔ አውቀዋለሁ።»

ባዶ እጄን አባቴ ፊት መቅረብ የማይሆን ነገር ነውና ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ጋግሬ አላውቅም። ጥቁር አዝሙድ አገባሁበት፣ በኮባ ጠቀለልኩት፣ ሲበርድ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ቅርጫት ውስጥ አኖርኩት። ጌታቸው በበኩሉ ያለችውን አንዲት ነጭ ሸሚዝ አጥቦ ተኮሳት።

በማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄደን ተሳፈርን። አውቶቡሱ ደግሞ ከተማውን ዞሮ መልሶ በእኛው ሠፈር በአስኮ አወጣን። ጌታቸው በመስኮት ወደ ቤታችን አቅጣጫ እጁን እያውለበለበ «ደህና ዋይ በያት እንጂ» ይለኛል። እኔ ቅርጫቴን ታቅፌ ጨርቁን ደጋግሜ አስተካክል ነበር። እሱ ቡራዩ ሳንደርስ ተሳፋሪውን ሁሉ ተዋውቆ ጨርሷል። ከፊታችን ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሐል ያቆሙት ሽማግሌ ጋሽ ቱሉ እንደሚባሉና አምቦ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ፣ ከጎናቸው ያሉት እትዬ ብርቄ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ እንደሆኑ በእሱ በኩል ሰማሁ። እኔ ሰው የማወቅ ፍላጎት አልነበረኝም። መኪናው በሄደ ቁጥር አባቴ እየቀረበ ነው።

«ተመልከቺ እስቲ» አለኝ ጌታቸው። የመናገሻ ደን በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ በተከፈተው መስኮት የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል።

«እኔ የማስበው አምቦን ነው» አልኩት።

«አሁን የት ነን?»

«መናገሻ።»

«በይ መናገሻን እዪ። አምቦን አምቦ ስንደርስ እናስባታለን።»

ለመናገር ቀላል ነው። እኔ በልቤ «አምላኬ ሆይ፣ ይህን መኪና አበላሽልኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት በደህና ቀን አይሰማም፤ ያን ዕለት ግን ተሰማ። ሆለታን እንዳለፍን ከሞተሩ በኩል አንድ ነገር ጧ አለና አውቶቡሱ እየተንገዳገደ ዳር ይዞ ቆመ። ማራገቢያውን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሷል። ሹፌሩ ረዳቱን በአንድ የጭነት መኪና አሳፍሮ ሌላ ቺንጋ እንዲያመጣ ወደ ሆለታ መለሰው። እኛም ወርደን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

መጀመሪያ ሰዉ ተነጫነጨ። ፀሐዩ ሲከርር ጥላው እየሸሸ አንድ ላይ አጠጋጋን፤ እትዬ ብርቄ የሽንኩርት ጆንያቸውን ትራስ ይሁናችሁ ብለው ለሁለት ነፍሰ ጡሮች ሰጡ። ጌታቸው የት እንዳለ ስፈልግ እግሩ ብቻ ከአውቶቡሱ ሥር ይታየኛል። አናጢ ስለ ሞተር ምን አገባው! ብቻ ሹፌሩን ብቻውን መተው አልሆነለትም። ሲወጣ ያች ነጭ ሸሚዙ በግራሶ ተለውሳ ቀለሟ ጠፍቷል። እኔ ልቤ ሲቃጠል እሱ ከሹፌሩ ጋር ይሳሳቃል።

ረዳቱ ቆየ። ሕፃናቱ በረሃብ ማልቀስ ጀመሩ። ከቅርጫቴ የሚወጣው የዳቦ ሽታ ደግሞ ጥላውን ሞልቶታል፤ ሰው በጨዋነት ፊቱን ያዞራል እንጂ አፍንጫውን ምን ያድርገው? ጌታቸው መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አስኩ…»

«የአባቴ ነው!» አልኩት ገና ሳይናገር።

«አውቃለሁ። አንቺ ካልሽ እሺ፤ ካላልሽም ምንም አልልም።» እውነትም ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢለማመጠኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጭን ወርዳ መጣችና ቅርጫቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ያን ጊዜ ጨርቁን ገለጥኩት።

ድፎ ዳቦ ዝም ብሎ አይቆረስም፤ ትልቅ ሰው መርቆ ይቆርሰዋል። ጋሽ ቱሉን ለመንናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ተነሱና «እናንተ ማን ናችሁ ለመሆኑ?» ብለው ጠየቁን። ጌታቸው «ባልና ሚስት ነን» አላቸው። እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን የጋገረች እጅ አትንጠፍ። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ሰው የማይጠፋበት ይሁን። ለሽበት ያብቃችሁ!» አሉ። አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ «አሜን!» አለ።

እኔ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። አንድ ሰው ቆሞ ሲመርቀን ያ የመጀመሪያችን ነበር። እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዘው «ምነው የኔ ልጅ?» ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ አባቴን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ የጎጃሙን ቅድመ አያት ከነበቅሎው። በቅሎው ላይ ስደርስ ሰው ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ዳቦው ግን ለሁሉም ደርሶ ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም።

«እንግዲህ የአባትሽን ዳቦ በልተናል» አሉ እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። «ዝም ብለን አንወርድም። ጋሽ ቱሉ፣ ልጅዎ ትንሽ ትጠብቅዎታ!»

«ትጠብቅ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

«ሦስተኛ ሽማግሌ እኔ አለሁ» አለ ሹፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ቺንጋው መጥቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ያ መንገድ ሌላ መንገድ ሆነብኝ። አዲስ ዓለምን አየሁ፣ ጊንጪን አየሁ። ጤፉ ነፋስ ሲመታው እንዴት እንደሚተኛ ጌታቸው ሲያሳየኝ እኔም በተራዬ ጋማው በቀለማት ክር ያጌጠ ፈረስ አሳየሁት። ጊንጪ ላይ አንዲት ሴት በመስኮት ያቀበለችንን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ተሳፋሪው ሁሉ ጌታቸውን ያሠለጥናል፦ «ቀና ብለህ አትያቸው»፣ «የለም፣ ቀና ብሎ ይያቸው እንጂ»። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም ነበር። ነገር ግን ፈርቼም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባንደርስ ብዬ ተመኘሁ፤ በዚህኛው ምኞቴ ግን አባቴን መሸሽ አልነበረበትም።

አምቦ ወርደን በእግር ስንገሠግስ ጋሽ ቱሉ እንደ ወጉ ለእርቅ ከመንገድ ዳር ለምለም ሣር ነጭተው ያዙ። አባቴ ከብቶቹን ከመስክ እያስገባ ነበር። እኔን ሲያየኝ ቆመ፤ ግን አልተጠጋም። ሦስቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ እኔና ጌታቸው ከኋላቸው።

አባቴ በኦሮምኛ ሰላም ብሎ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው።

ጋሽ ቱሉም በኦሮምኛ ሰላምታውን መልሰው «ልጁ እንዲሰማ በአማርኛ እንነጋገር» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ይህን ልጅና ልጅዎን እንዲቀበሉልን መጥተናል።»

«ዘመዶቹ ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ቱሉ ግን ረጋ ብለው መለሱ፦ «ከሆለታ ጀምሮ።»

«ሆለታ ነበር የሚኖር?»

«የለም። ዛሬ ጠዋት ሆለታ ላይ መኪናችን ተበላሽታ ነው የተዋወቅነው።»

አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ቱሉ ቀጠሉ። «ዘሩን ቢጠይቁኝ አላውቅም። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አብሬው ውያለሁ። አልተነጫነጨም፣ ማንንም አልተቆጣም፣ ሸሚዙን ይመልከቱለት። ሚስቱ ለእርስዎ የጋገረችውን ዳቦ ለተራቡ ልጆች ስትሰጥ አላስገደዳትም፤ ጠይቋት ዝም ብሎ ጠበቃት። ከዚህ ሌላ የምነግርዎ የለኝም።»

አባቴ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ላሞቹ ራሳቸውን ችለው ወደ በረት ገቡ።

«ፊት የመጡት ሽማግሌዎች ከልጅነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን ብለው ዋሹኝ» አለ በመጨረሻ። «እናንተ ከጠዋት ጀምሮ አውቃችሁት እውነቱን ነገራችሁኝ።» ከዚያ ጌታቸውን ከላይ እስከ ታች አየው። «አማት ቤት በዚህ ሸሚዝ ይመጣል?»

«ከቤት ስወጣ ነጭ ነበር፣ አባባ» አለ ጌታቸው።

አባቴ ፊቱ ላይ የመጣበትን ሳቅ ሊውጠው ሲሞክር አየሁት። ወደ እትዬ ብርቄ ዞረ። «ዳቦውስ? ደህና ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ ምኑን አወሩት! እርስዎ ዘንድ ደርሶ ቢሆን ለእኛ አያተርፉልንም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን ያየኝ። «እንግዲያው ነገ ለእኔ ትጋግሪልኛለሽ» አለ።

ነገ አለ። ነገም እዚህ ቤት ነሽ ማለቱ ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ብብቴን ይዞ አነሳኝ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጋሽ ቱሉም እትዬ ብርቄም በሕይወት አይኖሩም፤ የሹፌሩን ነገር አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸውንም አላገኘናቸውም። ሰባት ቤት ሲቆጥር የኖረው አባቴ እንኳ አብልቶ አጠጥቶ ሲሸኛቸው የአንዳቸውንም የአባት ስም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። በሙሉ ስማቸው ጠርቼ የማመሰግናቸው ቢሆን ደስ ባለኝ።

ልጆቻችን አባታቸው መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ወሬ ሲጀምር ያፍራሉ። «አባዬ፣ ሰው አትረብሽ» ይሉታል። እኔም ድሮ እንደ እነሱ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ከእሱ ብሼ፣ ጆሮውን ካልወተፈ በቀር፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሳላናግር አልወርድም። ሌላው ሰው መኪና የሚሳፈረው ዘመድ ለመጠየቅ ነው። ጌታቸው ግን ዘመድ ያገኘው መኪና ውስጥ ነው።